ለቢላዋ ሥራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከመግዛትዎ በፊት፦ ባሕር ዳር ላሉ ሠሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በትርፍ ጊዜው ቢላዋ ለሚሠራና ብረቱን አግሎ የሚያጠነክርበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው የተሰበሰቡ ናቸው። መልሶቹ የባሕር ዳርን መብራት፣ የሐይቁን እርጥበትና ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መንገድ ታሳቢ አድርገዋል። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይታወቅ፤ ሙቀትማ ከሰልም ይሰጣል። ምድጃ የሚገዛው ሙቀቱ ስንት እንደሆነ ለማወቅና በተፈለገው ልክ ላይ ለማቆየት ነው። ይህን የማያደርግ ምድጃ ቢያብረቀርቅም፣ ቢረክስም ገንዘብ ማባከን ነው።

ባለ እጆች በወናፍና በከሰል ይሠሩ የለም እንዴ? ምድጃው ለምን አስፈለገኝ?

ይሠራሉ፤ ያውም አሳምረው። በጣና ዙሪያ ማጭዱን፣ መጥረቢያውንና ማረሻውን ለገበሬው ሲያቀርብ የኖረው ባለ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ሙያ የያዙ ሰዎችን ኅብረተሰባችን ስም እያወጣ ማግለሉ ዛሬም የሚያስቆጭ በደል ነው። የለመደ ባለ እጅ የጋለውን ብረት ቀለም ጥላ ውስጥ አይቶ የሚነክርበትን ቅጽበት ያውቃል። ይህ ዓይን ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ያፈራው ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚሠራ ሰው ቶሎ አያገኘውም። ያው ቅላት በቀትር ፀሐይ ደብዛዛ፣ ሲመሻሽ ደግሞ ደማቅ ሆኖ ይታያል፤ ዓይን በዚህ ተታሎ ብረቱ ከልኩ በላይ ሲግል ውስጣዊ ቅንጣቱ ያድግና ቢላዋው ተሰባሪ ይሆናል።

ቀላል የካርቦን ብረት ብቻ የሚጠቀሙና በዓመት ጥቂት ቢላዋ የሚሠሩ ከሆነ ምድጃ አይግዙ። ከሰል፣ ንፋስ መንፊያና ማግኔት ይበቃዎታል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል። ከዚያ ቅላቱ ትንሽ እስኪጨምር ጠብቆ ዘይት ውስጥ መንከር ነው። ምድጃ የሚያስፈልገው ብረቱ በአንድ ሙቀት ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቆየት ሲኖርበት፣ ወይም ዛሬ የወጣው ቢላዋ ባለፈው ወር ከወጣው ጋር እኩል እንዲጠነክር ሲፈለግ ነው። ቢላዋ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ይህን ሁለተኛውን ነጥብ አቅልሎ ባያየው ጥሩ ነው።

የምሠራው በባሌስትራ ነው። ስንት ዲግሪ የሚሰጥ ምድጃ ይበቃኛል?

1,100 ዲግሪ የሚደርስ ከበቂ በላይ ነው። የመኪና ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 5160 ከሚባለው ብረት ወይም ከቅርብ ዘመዶቹ አንዱ ነው፤ ከ830 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ውስጥ ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ተገዝቶ የሚመጣው 1084 ከ800 እስከ 815፣ የኩሽኔታ ብረት የሆነው 52100 ደግሞ 845 አካባቢ ይፈልጋሉ። ከተነከሩ በኋላ ሁሉም ከ175 እስከ 230 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ለሁለት ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ መልሰው መሞቅ አለባቸው። ይህ ሳይደረግለት የቀረ ቢላዋ ስሚንቶ ወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ አሮጌ ባሌስትራ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለዓመታት ጭነት ተሸክሞ የኖረ ብረት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ስንጥቁ የሚገለጠው ቢላዋው ተቀርጾ፣ ተሞርዶ፣ ሲነከር ነው። ጋራዥ ሲሄዱ ከአዲስ ባሌስትራ የተቆረጠ ቅሪት ካለ ይጠይቁ። ካልተገኘም ከአሮጌው ትንሽ ቆርጠው አግለው ይንከሩና በመዶሻ ሰብረው ስብራቱን ይመልከቱት። የላመ ግራጫ ሆኖ ከታየ መልካም ነው። እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ሻካራ ቅንጣት ካዩ ሙቀቱ በዝቶበታል፤ ዝቅ አድርገው እንደገና ይሞክሩ።

ውስጡ ምን ያህል ርዝመት ይኑረው?

ሊሠሩት የሚያስቡትን ትልቁን ቢላዋ ከጫፉ እስከ እጀታ መግቢያው ድረስ ይለኩና ቢያንስ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩበት። በበሩ በኩል ያለው ቦታ ሁልጊዜም ከመሐሉ ይቀዘቅዛል፤ ስለታሙ ክፍል እዚያ ላይ ማረፍ የለበትም። ለወጥ ቤት ቢላዋ 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ብዙ ዓመት ያገለግላል። ከዚያ የረዘመ ምድጃ መብራቱንም የማሞቂያ ጊዜውንም ስለሚጨምር፣ አንድ ቀን ጎራዴ እሠራለሁ በሚል ሐሳብ ብቻ አይግዙት።

ዋጋቸው ከሚቀራረብ ሁለት ምድጃዎች አንዱን ለመምረጥ ምኑን ልይ?

በመጀመሪያ መቆጣጠሪያውን። ሙቀቱን በዲግሪ የሚያሳይ፣ በምን ፍጥነት እንደሚወጣና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚታዘዝ መሆን አለበት። ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ የሚል ማዞሪያ ብቻ ያለው ለሸክላ ሥራ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለቢላዋ አይሆንም። ቀጥሎ የሙቀት መለኪያው የት እንደገባ ይዩ። ኬ ዓይነት የሚባለው ቴርሞካፕል ይበቃል፤ ጫፉ ግን ቢላዋው በሚያርፍበት ከፍታ አጠገብ መሆን አለበት። ጣሪያው ጥግ ተደብቆ ከሆነ የሚነግርዎት የጣሪያውን ሙቀት ነው።

ሦስተኛው በሩ ነው። በሩ ሲከፈት ወደ ማሞቂያው ሽቦ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ወዲያው የሚቆርጥ ማጥፊያ ከሌለው፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆን እንኳ አይግዙት። ብረት ጉጠት ይዘው እጅዎን የሚያስገቡት 220 ቮልት የሚያልፍበት ሽቦ በግልጽ የተዘረጋበት ሳጥን ውስጥ ነው። ጉጠቱ ሽቦውን ቢነካ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ከውጭ ከሚታወቁት መካከል የአሜሪካው ኢቨንሂት ለቢላዋ ሠሪዎች ብሎ የሚያመርታቸው ረጃጅም ምድጃዎች አሉት፤ የጀርመኑ ናበርተርም ደግሞ በላቦራቶሪና በወርክሾፕ ምድጃ ስሙ የታወቀ ነው።

ከአሜሪካ የሚመጣ ምድጃ በእኛ መብራት ይሠራል?

120 ቮልት የሚል ከሆነ አይሠራም፤ ለመሞከርም አያስቡ። በ120 ቮልት ለመሥራት የታሰበ ሽቦ 220 ሲገባበት ከአቅሙ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይጎርፍበታል። የ240 ቮልቱ ግን ይሠራል፤ ኃይሉ 16 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። ማታ ሁሉም ሰው ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ ወደ 190 ቢወርድ፣ የዚያው ምድጃ ኃይል ከሦስተኛው እጅ በላይ ይቀንሳልና 1,000 ዲግሪ ጭራሽ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ሥራዎን ከጠዋት ያድርጉት።

3,000 ዋት የሚወስድ ምድጃ በ220 ቮልት 14 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ምጣዱን የሚችል መስመር ምድጃውንም ይችላል፣ ሁለቱን በአንድ ላይ ግን አይችልም። ምድጃው የራሱ መስመር፣ ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው። የመሬት መስመር የሌለው ቤት ከሆነ መጀመሪያ እሱን በባለሙያ ያስገቡ። ማራዘሚያ ገመድ ላይ መሰካት ክልክል ነው።

ቢላዋው ውስጥ እያለ መብራት ቢጠፋስ?

በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ትክክለኛ ጭንቀትም ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ከዚሁ ከሐይቃችን በሚወስደው ውኃ ነው፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ በጨለማ መሥራት ያንገበግባል። ደግነቱ መልሱ የሚፈራውን ያህል አይከፋም፤ የሚወሰነውም መብራቱ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደጠፋ ነው።

ገና እየሞቀ ሳለ ከጠፋ በሩን አይክፈቱ። ብረቱ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፣ ይለሰልሳል፤ አልተበላሸም። መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ጉዳት ቢኖር ላዩ ላይ ያለው ካርቦን ትንሽ መቃጠሉ ነው፤ ለዚህ ነው ከመነከሩ በፊት ስለቱን አሳስቶ መሞረድ የማይመከረው።

የሚፈለገው ሙቀት ላይ ደርሶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ከጠፋ ግን ጊዜ አያጥፉ፤ ዘይቱ ዝግጁ ከሆነ ወዲያው አውጥተው ይንከሩት። ወፍራም የጡብ ግድግዳ ያለው ምድጃ በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ሙቀቱን ለአጭር ጊዜ ይይዝልዎታል። ዘይቱን አስቀድሞ አሙቆ፣ ክዳኑን አንስቶ፣ ጉጠቱን አጠገቡ አስቀምጦ መጠበቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ከሁሉም የሚከፋው ከነከሩ በኋላ፣ መልሶ ከማሞቅዎ በፊት ሲጠፋ ነው። ያን ሰዓት ቢላዋው ጠንካራ ሆኖ ውስጡ የተወጠረ ነው፤ እንዲሁ ሲያድር ሊሰነጠቅ ይችላል። በጋዝ የሚሠራ የወጥ ቤት ኦቭን ያለው ሰው ካለ ይውሰዱለት። ያም ካልተገኘ ለጊዜው የፈላ ውኃ ውስጥ ማቆየት ውጥረቱን በመጠኑ ያረግበዋል፤ ትክክለኛውን ማሞቅ ግን አይተካም። ጄኔሬተር የሚያስቡ ካሉ ለ3,000 ዋት ምድጃ ከዚያ ከፍ ያለ አቅም ያለው ያስፈልጋል። ለትርፍ ጊዜ ሥራ አያዋጣም።

ሲገዙ ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መቆጣጠሪያው ምን ያደርጋል? በራሱ ማሞቅ የሚቀጥል ከሆነ፣ እርስዎ በሌሉበት ሌሊት ላይ 800 ዲግሪ የሆነ ምድጃ ቤትዎ ውስጥ ሊነሳ ነው። ቆሞ ትእዛዝ የሚጠብቀው ይሻላል።

መቆጣጠሪያው የሚያሳየው ቁጥር እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ሰው ቴርሞካፕሉን የፈላ ውኃ ውስጥ አስገብቶ 100 ካላሳየ ተበላሽቷል ይላል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። 94 ካሳየዎት ደኅና ነው፤ 100 ካሳየዎት ነው መጠራጠር ያለብዎት።

በታች ትክክል የሆነ መለኪያ በላይ ሊሳሳት ስለሚችል በከፍተኛው ሙቀትም ይፈትኑት። ንጹሕ የገበታ ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ላይ ነው። በጣት ጫፍ የተቆነጠረ ጨው በትንሽ የብረት ቁራጭ ላይ አድርገው፣ ምድጃውን 790 ላይ ለጥቂት ደቂቃ አቁመው ይዩ፤ ቅንጣቶቹ ቅርጻቸውን እንደያዙ መሆን አለባቸው። ወደ 810 ሲወጣ ረግበው እንደ ጠል ጠብታ ይሆናሉ። በ790 ከቀለጡ መለኪያው ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ እያነበበ ነው፤ በ810ም ካልቀለጡ ከፍ አድርጎ እያነበበ ነው። የጨው እንፋሎት ማሞቂያ ሽቦውን ስለሚበላ ፈተናው እንዳለቀ ቁራጩን አውጡ፣ ደጋግመውም አያድርጉት።

በምጣድ ሽቦ ራሴ ብሠራውስ?

ምድጃን ራስ መሥራት ይቻላል፤ በደንብ የሠሩም አሉ። የምጣድ ሽቦ ግን ለዚህ አይሆንም። ምጣዱ የሚፈልገው ለእንጀራ የሚበቃ ሙቀት ነው፤ ያ ሽቦ በ850 ዲግሪ ሰዓታት ሲቆይ ቶሎ ሊበጠስ ይችላል። ካንታል ኤ1 የሚባለውን ሽቦ በዋትዎ ልክ አስልተው ያስመጡ። ግድግዳው እስከ 1,260 ዲግሪ በሚችል ቀላል የእሳት ጡብ ይሠራ። የቤት ሸክላ ጡብ ሙቀቱን እየጠጣ መብራትዎን ይጨርሳል። ጡቡን ሲቆርጡ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። የኤሌክትሪኩን ክፍል የሙያው ሰው ካልሆኑ አይንኩት።

ከላቦራቶሪ የወጣ አሮጌ ምድጃ ርካሽ አግኝቻለሁ። ልግዛው?

አብዛኞቹ ጥልቀታቸው ከ25 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ለካራና ለአጭር ቢላዋ ይሆናሉ። አንዴ የጋለ ማሞቂያ ሽቦ እንደ ደረቀ ጭራሮ ተሰባሪ ይሆናልና፣ ከመጓጓዙ በፊት ሲሠራ ይዩት፤ ቤት ከደረሰ በኋላም እንደገና ይፈትኑት። ሽቦውን ግን በእጅዎ ለማስተካከል አይሞክሩ።

ዋጋው ስንት ነው? እንዴትስ ይመጣል?

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ስለጀመረ ዓምና የሰሙት ዋጋ ዘንድሮ አይሠራም። ከምድጃው ዋጋ በተጨማሪ የማጓጓዣውን፣ የጉምሩክ ቀረጡንና ከአዲስ አበባ የሚመጣበትን ደምረው ያስሉ። ቀረጡን ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ያጣሩ፤ ደርሶ ከቆመ በኋላ በየቀኑ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል።

የእሳት ጡብ በጥፍር የሚፋቅ ለስላሳ ነገር ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው መንገድ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ እየተንገጫገጨ ሲመጣ ፍርፋሪ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ውስጡን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ሞልተው፣ በሩን አስረው፣ ከሥሩ ፍራሽ አንጥፈው ያስጭኑት። ቴርሞካፕሉን ነቅለው በእጅ ያምጡት።

የምነክርበትን ዘይት ከየት ላምጣ?

በውጭ አገር ብዙ ሠሪዎች የሚጠቀሙት የካኖላ ዘይትን ነው፤ የእኛ ጎመን ዘር የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ምጣድ የሚያሰሱበት ያው ጎመን ዘር ዘይቱ ለባሌስትራና ለኩሽኔታ ብረት ጥሩ መንከሪያ ይሆናል። ከ50 እስከ 55 ዲግሪ አሙቀው ይጠቀሙበት፤ የሞቀ ዘይት ከቀዘቀዘው ይልቅ ቀጥኖ ብረቱን በፍጥነት ያቀዘቅዛል። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ስለሚወፍርና ስለሚያጣብቅ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ አይመችም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

መያዣው ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ይሁን። ዘይቱ ከተቀጣጠለ ክዳኑን ይግጠሙ፤ ውኃ ከደፉበት እሳቱ ወደ ጣሪያ ይነሳል።

ለዓሣ የሚሆን የማይዝግ ቢላዋ እፈልጋለሁ። ይሆናል?

ሐይቁ ዳር ቀረሶና አምባዛ ለሚበልቱ ሰዎች የማይዝግ ስለት ትልቅ ነገር ነው። ኤኢቢ-ኤል የሚባለው ብረት ለዚህ ተስማሚ ነው። ነገር ግን ከ1,050 እስከ 1,080 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በማይዝግ ብረት ቅጠል ታሽጎ መግባት አለበት፤ ሲወጣም በሁለት ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች መሐል ተጭኖ ይቀዘቅዛል። ምድጃ በእጅጉ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው፤ ይህን ብረት በከሰልና በዓይን ልክ ማግኘት ከባድ ነው። መጀመሪያ ግን በካርቦን ብረት እጅዎን ያፍቱ።

መልሶ ለማሞቅ የወጥ ቤት ኦቭን ይበቃል?

ይበቃል፤ ማዞሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ካላመኑ። የተለየ ቴርሞሜትር ያስገቡ፣ ቢላዋውንም አሸዋ በሞላ መጥበሻ ላይ ያስተኙት፤ አሸዋው የሙቀቱን መውጣትና መውረድ ያረጋጋዋል።

ክረምት ላይ የተለየ ጥንቃቄ አለ?

አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ርጥብ ስለሆነ ጡቡ ውኃ ይጠጣል። ሳምንታት ቆሞ የነበረን ምድጃ በቀጥታ ወደ 800 መንዳት ጡቡን ይሰነጥቀዋል። መጀመሪያ 110 ዲግሪ አካባቢ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ያቆዩት። ቤቱ ውስጥ ያለበት ቦታ ከግድግዳ የራቀ፣ መስኮት ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ይሁን። የተነከሩ ቢላዋዎችን ሳይውሉ ሳያድሩ ዘይት ይቀቡ፤ የጣና እርጥበት በአንድ ሌሊት ያዝጋቸዋል።

ለብቻዬ አቅሜ አይችልም። ሦስት አራት ሆነን ብንገዛውስ?

ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው ምድጃውን በወር ከጥቂት ቀን በላይ አያነደውም፤ ዕቁብ ተጥሎ የተገዛ አንድ ምድጃ ለአራት ሰው ይተርፋል። ምድጃው ግን ከቤት ቤት አይዙር፤ ሽቦውም ጡቡም አይችሉትም። መስመሩ ጠንካራ በሆነበት አንድ ቤት ይቀመጥ፤ የመብራቱን ሂሳብም ለእያንዳንዱ ሥራ ከቆጣሪው ላይ እያነበባችሁ ተካፈሉ። አጠገቡ ደብተር ይኑር፤ የብረቱ ዓይነት፣ ሙቀቱ፣ የቆየበት ደቂቃ፣ የዘይቱ ሙቀት፣ ከተነከረ በኋላም ሞረድ ሲነካው ተንሸራትቶ ወይስ ነክሶ እንደነበር ይጻፍበት። ምድጃውን ስታዝዙ አንድ ትርፍ ቴርሞካፕልና አንድ ትርፍ ማሞቂያ ሽቦ አብራችሁ እዘዙ።